አንዴ እምቢ ብዬ ያመለጠኝ ሹመት

ይህ የደረሰብኝ ንጉሡ በወረዱ ማግስት፣ ዘማች ተማሪዎች ወደ እኛ አገር ወደ መካነ ሰላም በመጡበት ዓመት ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ዛሬ ስንት እንደሞላኝ አትጠይቁኝ፤ ጉልበቴ ከእኔ በተሻለ ይቆጥረዋል። ነገሩን ያልረሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሰው ገደል ሲገባ እያየሁ ተከትዬ የገባሁበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ሰሞኑን ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ የእንግሊዝ ክለብ ማንን አሰልጣኝ ያምጣ በሚል ሲከራከሩ ሊደባደቡ ደረሱ። እኔም ጣልቃ ገብቼ አንድ ቃል ብተነፍስ፣ «አባባ ደግሞ! እርስዎ ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ?» አለኝ።

ኳስን እንኳ ከውስጥ ነው የማውቃት።

ኮርቻ ሰፊ ነበርኩ። ከተማችን ያላት ኳስ አንዲት ናት፤ እሷም ከቆዳ የተሰፋች፣ በየሳምንቱ የምትተረተር። ስትተረተር ወደ እኔ ትመጣለች። በወስፌዬ ሆዷን ከፍቼ፣ የውስጧን ላስቲክ ለጥፌ፣ መልሼ በጠፍር እሰፋታለሁ። በእግሬ ግን መትቻት አላውቅም። አንድ ቀን ብሞክር ጫማዬ ጎል ገባ፣ ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች።

ክፉው ቀን ገና አልወጣልንም ነበር። ከቆላው የወጣው ሰው በየአጥሩ ጥግ ተኮራምቶ ይውላል። ሲነጋ አንዳንዱ አይነሳም። የእኔም ሥራ ቆሟል፤ ያልሞተችው በቅሎ ተሽጣለች፣ በቅሎ የሌለው ሰው ኮርቻ ምን ያደርግለታል? ያም ሆኖ የከተማችን ቡድን ኳስ መጫወቱን አላቆመም። ለምን እንዳላቆመ እኔም አላውቅም። ቢያቆም ኖሮ ግን የሚቀረን የሚጮህ ነገር እድርና ለቅሶ ብቻ ይሆን ነበር።

በዚያው ሰሞን ወረኢሉ ሄደን አምስት ለባዶ ተሸነፍን። በረኛችን ከሦስተኛው ጎል በኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አራተኛውን «እለፍ» እንደተባለ እንግዳ በእጁ አሳለፈው። በማግስቱ ደግሞ አሰልጣኛችን የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ ደሴ መስመር ተዛወረ፤ ረሃብተኛ በሚያርፍባቸው መጠለያዎች ሰው ጠፍቶ ነበር። ከአቀስታ ጋር ለመጫወት ሦስት ሳምንት ሲቀረን ቡድኑ ያለ አሰልጣኝ ቀረ።

ከዚያማ ከተማው ሁሉ በእኔ በረንዳ ላይ ፈሰሰ። ስለ ኳስ መከራከር እህል አይጠይቅማ!

ሁለት ወገን ነበር። አንደኛው ወገን አስር አለቃ በቀለን ይላል። እሳቸው ከጦሩ የተሰናበቱ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ትእዛዝ የሚሰጡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሌላው ወገን መምህር ሁሴንን ይላል፤ ስለ ኳስ የተጻፈ መጽሐፍ አላቸው ተብሎ ይወራል። መጽሐፉን ያየ ግን የለም።

«ለዚህ ቡድን የሚያስፈልገው ወታደር ነው! ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ የሚያስብል!» ይላል አንዱ።

«ያ ጀመዓ፣ ልጆቹ እኮ ግራ ብለው ቀኝ ሳይሉ መሃል ላይ ይወድቃሉ» ይላል ጓደኛዬ ሙሄ።

«መጽሐፍ ያነበበ ይሻላል!»

«ወላሂ፣ በወረኢሉ በኩል የገባብን አምስት ጎል በፊደል ነው እንዴ የገባው?»

እኔ ወስፌዬን ይዤ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ሆዴ ግን ሌላ ሰው መርጧል፤ ራሴን።

ምነው ካላችሁ፣ በስንዱ ምክንያት ነው። ስንዱ የግራዝማች ደምሴ ልጅ ናት። የአባቷን ኮርቻ ልታሳድስ መጥታ ተዋወቅን። የሚገርመው፣ በቅሎዋ ከተሸጠች በኋላም ያንኑ ኮርቻ ሦስት ጊዜ ተሸክማ ለእድሳት አመጣችው። ለወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይሰጠዋል? እኔም ደፍሬ ለአባቷ ሰው ብልክ መልሳቸው ባጭሩ መጣ፦ «ልጄን ለጠፍር ለፊ? ይልቅ አንዳች ሹመት ይዞ ይምጣ፤ ያኔ እናየዋለን።»

ግራዝማችነታቸው ራሱ በአዋጅ ሊቀር ጫፍ ላይ ነበር። ዘማቾቹ «አቶ ደምሴ» ብለው ሲጠሯቸው ጆሯቸው አይሰማም። ሹመት የሚሉትን ነገር ግን አጥብቀው ይወዱታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት መካነ ሰላም ውስጥ ባዶ የሆነ ሹመት አንድ ብቻ አየሁ። የተበላሸ ጫማውን በነጻ ልሰፋለት ተስማምቼ፣ ሙሄ በስብሰባው ላይ ስሜን እንዲጠራ አደረግሁ።

ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሜዳው ዳር ተጠራ። በዱዓ ተከፈተ፣ የደብሩ ቄስም ባረኩት፣ አንድ ዘማችም «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ጨመረበት። ሦስቱም እኔን አልረዱኝም። ሰብሳቢው ይኸው ዘማች፣ ዳዊት የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ጢሙ ልብቀል አልብቀል እያለ ያመነታል፤ እሱ ግን አያመነታም። የሰው ቃል ከአፍ ሳይወርድ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ የናቴን ጋቢ ለብሼ፣ ጸጉሬን ቅቤ አጥግቤ፣ የሹመት ፊት አዘጋጅቼ ቆሜያለሁ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ «ተሾም» የተባለ ሰው እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ስግብግብ ነው። «እኔ ማን ነኝና? ሌላ ፈልጉ» ይላል። ይለምኑታል። አሁንም እምቢ ይላል። «በሞቴ! በአላህ!» ይሉታል። በሦስተኛው እየተነጫነጨ ይቀበላል። ምሳም እንደዚያው ነው። በዚያ በክፉ ቀን እንኳ ሦስት ቀን ያልበላ ሰው «ኑ ብሉ» ሲባል «ኧረ አሁን በላሁ» ይል ነበር።

ዳዊት ይህን ማን ነገረው? ማንም።

መጀመሪያ አስር አለቃ ተጠቆሙ። ተነሱ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ከእኔ የሚሻል አይጠፋም፣ ሌላ ፈልጉ» አሉና ለመለመን ተመቻችተው ቆሙ።

«ጥሩ። አልፈለጉም» አለ ዳዊት፤ ጻፈ። «ቀጣይ!»

«ኧረ ቆይ፣ ልመናው የታለ?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ሰውን ማስገደድ የድሮ ሥርዓት ነው! አልፈልግም ካሉ መብታቸው ነው።»

«እኔ እኮ እምቢ ያልኩት እሺ ልል ነው!» አሉ አስር አለቃ።

«ተጽፏል» አለ ዳዊት።

ቀጥሎ መምህር ሁሴን ተጠሩ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ የአስር አለቃንም ውድቀት በዓይናቸው አይተዋል። ግን ልማድ ነውና፣ «እኔ እንኳን ጊዜም የለኝ፣ ችሎታውም...» ከማለታቸው እስክሪብቶው ተንቀሳቀሰ። ወደቁ።

እኔ በደስታ ጋቢዬ ውስጥ ላብድ ደረስኩ። ሁለቱ ጉምቱዎች ወጡ፤ ሜዳው የእኔ ነው። ራሴንም መከርኩት፤ «አደራ፣ ስምህ ሲጠራ እሺ በል። አንዲት ቃል ናት። እሺ።»

«እኔ ኳስ ሰፊያችንን እጠቁማለሁ!» አለ ሙሄ፣ ጫማውን እያሰበ።

ተነሳሁ። ሕዝቡ አየኝ። ግራዝማች ቀና ብለው አዩኝ። አፌ ግን የእናቴ ልጅ ነው፤ እኔን ሳያማክር ተከፈተና፣ «ኧረ እኔ ማን ነኝና? እኔ ለዚህ አልሆንም፣ ሌላ ፈልጉ» አለ።

ቃሉን ለመመለስ እጄን ዘረጋሁ። የዳዊት እስክሪብቶ ቀደመኝ። «አልፈለጉም። ቀጣይ!»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሲስቅ ግራዝማች ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ፣ «ሹመቱን ራሱ ይሸሸዋል እንዴ ሰውዬው!» አሉ።

ከእፍረት የባሰ ነገር እልህ ነው። ከሜዳው ዳር እትዬ ዘሀራ በብረት ድስታቸው ፊት ተቀምጠዋል። ንፍሮ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሽያጩ እንኳ ቀርቶ፣ በእርዳታ ስንዴ ላይ ጥቂት ባቄላ ጣል አድርገው ለሚያልፈው ሁሉ የሚዘግኑ ሆነዋል። እኔም ሰውን ሁሉ ለማብሸቅ ብዬ፣ «እንግዲያው እትዬ ዘሀራ ይሁኑላችኋ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ ከሜዳው ማዶ ያለውን ገደል ዞሮ ተመለሰ። እትዬ ዘሀራ ጭልፋቸውን አስቀምጠው፣ ሻሻቸውን አጠበቁና ተነሱ።

«እኔን ነው?» አሉ። «እሺ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። በመካነ ሰላም ምድር ሰው በመጀመሪያ ጥሪ እሺ ሲል ያየነው ያን ቀን ነው።

«እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ አንዱ።

«አሰልጣኝ አጣን ብላችሁ አይደል የተሰበሰባችሁ? ጠራችሁኝ፣ መጣሁ። ልጆቹ ሲሮጡ ሆዳቸው ሲጮህ እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። እናንተ ስለ ግራ ቀኝ ትጨቃጨቃላችሁ።»

«ተጽፏል» አለ ዳዊት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

እትዬ ዘሀራ በዚያው ቦታ ላይ የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ሰጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ቡድን የሚከራከር ሁሉ እፍኝ እህል ይዞ ይምጣ። አፍ ያለው እፍኝ ያምጣ። የሌለው ዝም ብሎ ይይ።»

ለአፍ የሚሆን እህል በጠፋበት ጊዜ ማን ያመጣል ብለን ነበር። ወገኖቼ፣ የእኛን ሰው አታውቁትም! ረሃቡን ይችላል፣ ዝምታውን ግን አይችልም። አንዱ እፍኝ ሽምብራ አምጥቶ አጥቂውን ይሰድባል፤ ሌላው እፍኝ ስንዴ ይዞ ሊያስተባብል ይመጣል። ዘማቾቹ ከራሽናቸው ከፍለው አመጡ፤ ስለ መሃል ሜዳው ብዙ የሚሉት ነበራቸው። አስር አለቃ ብቻቸውን በሳምንት አንድ ቁና የሚያህል ተናገሩ።

እኔስ? «ስሜን የጠራህ አንተ ነህ፤ ድስቱን ትሸከማለህ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። ረዳት ሆንኩ። ሹመት ፈልጌ ጥላሸት አገኘሁ።

አሠለጣጠናቸው እንዲህ ነው። ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት ይበላሉ። ሲበሉ እሳቸው አፍ አፋቸውን ያያሉ። አንድ ቀን ግራ ክንፍ የሚጫወተው ጀማል ቶሎ ቶሎ ሲያኝክ አይተው፣ «ኪስህን ገልብጥ» አሉት። ልጁ ቀላ። ገለበጠ፤ ንፍሮው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ነው። ለታናናሾቹ ሊወስድ ኖሯል።

እኔ የሚቆጡት መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው ግን ሌላ ጭልፋ ዘገኑና፣ «ይህ የቤት ነው። ያኛውን እዚሁ ብላው፣ በኪስ ኳስ አይመታም» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስቱ ከበደኝ፤ ለአሥራ አንድ ሰው ሳይሆን ለአሥራ አንድ ቤት ነበር የሚቀቀለው።

ሦስት ሳምንቱ አለቀና፣ እህል አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን አቀስታ ገባን። የአቀስታ ብርድ ያው የአቀስታ ብርድ ነው፤ እኔ ድስቱን አቅፌ ነበር የዳንኩት። ሰዉ ሴት አሰልጣኝና ድስት ተሸካሚ ረዳት ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «ኳስ ልትጫወቱ ነው ተዝካር ልታወጡ?» አሉን።

እረፍት ላይ አንድ ለአንድ ነበርን። እትዬ ዘሀራ ክዳኑን ከፈቱ። እንፋሎቱ በዚያ ብርድ ላይ ሲወጣ የአቀስታ ልጆች እንደ ሱፍ አበባ አንገታቸውን ወደኛ አዞሩ። እነሱም እንደኛው የክፉ ቀን ልጆች ናቸው።

«ኑ እንጂ እናንተም» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ኧረ አሁን በላን» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«በአላህ! በሞቴ! በማርያም!» አሉና ሦስቱንም ልመና ባንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ልጆቹ መጡ፤ በሉ፤ አብዝተው በሉ።

በሁለተኛው አጋማሽ የእኛ ልጆች እንደ ለመዱት ሮጡ። የአቀስታ ልጆች ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበው ኖሮ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ያገባውም ጀማል ነው። ነገሩ ደግነት ነበር ወይስ ታክቲክ ተብሎ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እትዬ ዘሀራን ስጠይቃቸው፣ «ሲርበው ያየሁትን አበላሁ፤ ኳሱን እናንተ ታውቁ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ላይ ሁሉም ይዘፍናል፤ እኔ ባዶውን ድስት አቅፌ ዝም ብያለሁ።

«አንተ ምን ሆነሃል?» አሉኝ እትዬ ዘሀራ።

የስንዱን ነገር፣ የኮርቻውን ነገር፣ የግራዝማችን መልስ ሁሉ ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰምተው፣ «በቀልድ ጠርተህ አሰልጣኝ አደረግኸኝ፤ እኔ ደግሞ በቁም ነገር ባል አደርግሃለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ወደ ግራዝማች ቤት ሽማግሌ ሄደ። እትዬ ዘሀራ ከፊት፣ አስር አለቃ በቀለ ከመሃል፣ ዳዊት ከነደብተሩ ከኋላ። ሴት ሽማግሌ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ሴት አሰልጣኝም አይታወቅም ነበርና ማን ይናገራል? እኔ ቤት እንድቆይ ታዝዤ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ተጋድሜ አዳመጥኩ።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ ግራዝማች።

«ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው» አሉ እትዬ ዘሀራ።

ልማዱን ነግሬያችኋለሁ። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ሽማግሌ ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ግራዝማችም ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ጀመሩ። «ልጄማ ገና...»

የእስክሪብቶ ክዳን ቀጭ ሲል ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት።

«ይህ ልጅ ምን ያደርጋል?» አሉ ግራዝማች።

«ቃለ ጉባኤ ይይዛል ጌታዬ። እምቢ ካሉ እምቢ ተብሎ ይጻፋል። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ አይፋቅም፤ አስር አለቃን ይጠይቋቸው» አሉ እትዬ ዘሀራ።

አስር አለቃ ከሆዳቸው ተነፈሱ። «አይፋቅም» አሉ።

እኔ ከአጥሩ ጀርባ አፈር አፈር እሸታለሁ። በዚህ መሃል ከውስጥ ከጓዳው አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ። ኮርቻ ነው፤ የሰፋሁት እኔ ነኝና ድምፁን አውቀዋለሁ።

ግራዝማች አንዴ ወደ ጓዳው፣ አንዴ ወደ እስክሪብቶው ተመለከቱ መሰለኝ። «ልጄ ገና ናት ልል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግን... እሺ።»

«ተጽፏል» አለ ዳዊት።

«ቆይ፣ ቆይ! ጠፍር ለፊ ብለህ እንዳትጽፈው። የአሰልጣኟ ረዳት በል።»

እኔ ከአጥሩ ጀርባ ብድግ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እንዳልነበርኩ መሆን ነበረብኝ፤ እሱንም አበላሸሁት።

ዳዊት ዘመቻው ሲያልቅ ሄደ፤ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና በልተው፣ ጥቂት ዓመት ቆይተው አረፉ። መቃብራቸው ላይ ሶላት ሲሰገድ ያ ቡድን በሙሉ ተሰልፎ ቆሞ ነበር፤ ጀማል ታናናሾቹን ይዞ መጥቷል። በዚያ በክፉ ቀን ከዚያ ድስት የበላ ቤት ባዶ አልቀረም።

አሁን ሳስበው ያን ሹመት ባገኝ ኖሮ ስለ ግራ ቀኝ እያወራሁ ልጆቹን እገድላቸው ነበር። እምቢ ማለቴ ለአገር የዋልኩት ብቸኛ ውለታ ነው።

ግን ተምሬ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ለምሳ ጠራኝ። ርቦኛል፤ ሽታው ደግሞ በመስኮት ይገባል። አፌ አሁንም የእናቴ ልጅ ነውና «ኧረ አሁን በላሁ» አልኩ።

ስንዱ ከኋላዬ፣ ከዚያው ከአሮጌው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ይጻፍ?» አለችኝ።

ገብቼ በላሁ።